ስኳር የሌለበት ኬክ

ሰኞ

የጥገና ክፍሉ ልጆች በስንብቴ ቀን ይህን ደብተር ሰጡኝ። እኔ የእጅ ሰዓት ጠብቄ ነበር። «ጋሼ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ትዝታውን ይጽፋል» አሉኝ። ምን ትዝታ አለኝ? ዕድሜዬን በሙሉ የቆመ ሊፍት ሳስነሳ ኖርኩ። ውስጥ የታሰረ ሰው ይጮኻል፣ እኔ እሮጣለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ሰውየው አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ይሄዳል። ትዝታዬ ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ሌላ ነገር አሳስቦኝ ነው። ባለቤቴን ይዤ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። የስኳር በሽታው ከያዛት ቆይቷል፤ እስከ ዛሬ ግን ብቻዋን ነበር የምትመላለሰው። እኔ «እንዴት ሆንሽ?» እላለሁ፣ እሷ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ዛሬ አብሬያት ሐኪሟ ፊት ተቀመጥኩ። ስኳሯ አልወርድ ብሏል። በዚያ ላይ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት አዲስ ጫማ ልጧት ቁስሉ አልድን ብሏል። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ነገር አታለባብስም። «ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይደርቅም። ካልደረቀ ደግሞ ጣቷን ለመቁረጥ እንገደዳለን» አለች። ቀጠሮ ሰጠችን፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ። እስከዚያ ጣፋጭ የሚባል ነገር በቃ ተባለ።

ባለቤቴ ኬክ ጋጋሪ ናት። ሱቅ የላትም፤ ግን የሰፈሩ የልደት፣ የሠርግና የምርቃት ኬክ ሁሉ ከእሷ ምድጃ ነው የሚወጣው። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዛ እያነከሰች «እኔ የማዝነው ለኬኩ ነው» አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሳላስበው የሥራ ልብሴን ለብሼ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ተመልሼ አወለቅኩት።

ባለቤቴ የስኳር ጣሳዋንና ፉርኖ ዱቄቷን ለላይኛዋ ጎረቤታችን ሰጠች። ይህች ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ስለምታሰራጭ እኔ «ሬዲዮ» ነው የምላት። ከዚያ ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ምድጃውን እንዲሁ ታያለች። ሥራ ፈትታ አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴን በላችው።

ስወጣ ስገባ አሰብኩበትና ወሰንኩ። ኬክ ለምን ይቀራል? ማሽን ሲበላሽ ማሽኑን በሙሉ አንጥልም። የተበላሸውን ዕቃ አውጥተን ደህናውን እንተካለን። ኬክም እንደዚያው ነው። ስኳሩን አወጣለሁ፣ ቅቤውን አወጣለሁ፣ ነጩን ዱቄት አወጣለሁ፤ በምትካቸው ጤናማ ነገር አስገባለሁ። እኔው ራሴ እጋግርላታለሁ።

ስነግራት «አንተ?» አለች።

«አዎ እኔ። ምነው?»

«ምንም» አለችና ሽርጧን አውልቃ ሰጠችኝ። ማሰሪያው አልደርስ ብሎኝ ከኋላ እሷ አሰረችልኝ።

ሐሙስ

የመጀመሪያው ሙከራ። ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ፣ አጃ፣ እንቁላል፣ በቅቤ ፋንታ ዘይት። ማጣፈጫ የለም። ላቤ ጠብ እስኪል መታሁት። ምድጃው ውስጥ ትንሽ ከፍ አለና መልሶ ቁጭ አለ። ስቆርጠው ቢላዋው ተያዘ።

ባለቤቴ አንድ ጉርሻ አላምጣ አላምጣ በውሃ አወረደችው። «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ሊፍት ላይ ክብደት ማመጣጠኛ ብረት አለ ትለኝ አልነበር? ለእሱ ይሆናል» አለች። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሬዲዮ ከላይ በመስኮት ብቅ ብላ «ምን ተገኘ?» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ቆይቶ እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ

ችግሩ ገባኝ። ኬክ ያለ ጣፋጭ አይሆንም፤ ጣፋጩ ግን ከፋብሪካ የወጣ መሆን የለበትም። ስልኬ ላይ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ «ተፈጥሮ የሰጠችን ማጣፈጫ» እያለ ስለ ቴምር፣ ስለ ማር፣ ስለ ዘቢብና ስለ በሰለ ሙዝ ሲናገር አፌን ከፍቼ አዳመጥኩት። ወዲያው ገበያ ወጣሁ። አንድ ከረጢት ቴምርና አንድ ጠርሙስ ማር ይዤ ገባሁ።

ቴምሩን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፌ ፍሬውን ሳወጣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ታያለች።

«ቴምርም እኮ ስኳር ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ከዛፍ ላይ ስኳር ሲለቀም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

 ፍሬውን ከእጄ እየተቀበለች ቆሻሻው ውስጥ ትጥልልኝ ጀመር። ለብዙ ዓመት በአንድ መንገድ የሠራ ሰው አዲስ ነገር በቀላሉ አይዋጥለትም፤ አልፈርድባትም።

እሁድ

ተሳካልኝ! ቴምሩን ፈጭቼ እንደ ሊጥ አደረግሁት፣ ሙዝ ጨፈለቅሁ፣ ማር ጨመርኩ፣ ላዩ ላይ ዘቢብ በተንኩበት። ቡናማ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ አብጦ ወጣ። ሽታው ደረጃው ድረስ ወረደ። ስኳር አንዲት ቅንጣት የለበትም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለቤቴ ሻይ አፈላች፤ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ቁራሹን አቀረብኩላት። ኬኩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በላች።

«እንዴት ነው?»

«ጣፋጭ ነው» አለች። ሌላ ቁራሽ ጨመርኩላት።

እየበላች ልጅ ሳለች ዳቦ ቤት ተቀጥራ የሠራችበትን ጊዜ አወራችኝ። የዳቦ ቤቱ ሴትዮ እንቁላል ስትሰብር ቅርፊቱን ሊጡ ውስጥ ትጥላለች፣ እሷ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ትለቅማለች፤ ገዢው ግን የሚያመሰግነው ሴትዮዋን ነው። ዳቦ ቤት መሥራቷን አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን! «መቼ ነገርሽኝና?» ብላት «መቼ ተቀምጠህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ቆሜ የምበላ ሰው ነበርኩ፤ ጥሪ ከመጣ ጉርሻዬን ይዤ ነው የምወጣው።

ረቡዕ

ሌላ ኬክ። ዛሬ አጃም ተልባም ጨመርኩበት። ተልባው እንዳይጎረብጣት ማሩን ትንሽ ከፍ አደረግሁት። አሁን ከሰዓት ከሰዓት አብረን ሻይ መጠጣት ለምደናል። ስለ አባቷ እየነገረችኝ ነው፤ ገና አልጨረሰችም። ቸኩያለሁ፣ ምድጃው ላይ ነገር አለ።

ዓርብ

የስኳር መለኪያው ከፍ ያለ ቁጥር አሳየ። ባትሪውን ቀየርኩት። አሁንም ከፍ ያለ ነው። ራሴን ለካሁ፤ የእኔ ደህና ነው። እኔን በትክክል ይለካል፣ እሷ ላይ ብቻ ነው የሚሳሳተው። የዛሬ ዘመን ዕቃ!

ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። «አባዬ፣ አንተ ኬክ ስትጋግር? እማዬ ቀልዷን ነው?» አለች።

«ምን ቀልድ አለበት? በደንብ አድርጌ ነዋ!»

«ስኳርስ አለበት?»

«አንዲት ቅንጣት የለበትም» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«ጎበዝ የኔ አባት! በቃ እማዬን ለአንተ ሰጥቼ ተኛሁ።»

ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ስልኩን ስሰጣት ስለ ኬኩ ምንም አላነሳችም፤ ስለ ልጅ ልጃችን ጥርስ ብቻ አወሩ።

ሰኞ፣ ዝናብ

ቁስሉን አጠብኩላት። ጠርዙ ቀልቷል። ነርሷ እንዳሳየችኝ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩት። ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት፤ የሃያ ፎቅ ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥዬ አንድ ብሎን ደግሜ አስሬ የማላውቅ ሰው።

ለምን? የምሰጣት ሁሉ ጤናማ ነው። ስኳር የለ፣ ቅቤ የለ፣ ነጭ ዱቄት የለ። እንግዲያው ተደብቃ የምትበላው ነገር አለ ማለት ነው። እንዲህ ማሰብ አልፈልግም። ግን ሊፍት ሲቆም ምክንያት አለው፤ ገመዱ ደህና ከሆነ ሞተሩን ታያለህ፣ ሞተሩ ደህና ከሆነ በሩን ታያለህ። ኬኩ ደህና ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ነው።

ማክሰኞ

ቁም ሣጥኑን፣ መሳቢያዎቹን፣ የምድጃውን ሥር ሳይቀር ፈተሽኩ። ኮቷ ኪስ ውስጥ ከረሜላ አገኘሁ! በእጄ ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሐኪሟ ናት ያዢ ያለችኝ። ስኳሬ ድንገት ከወረደ...»

«የአንቺ ስኳር መቼ ወርዶ ያውቃል!» ብዬ ጮህኩባት። ከረሜላውን ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት።

 ሻይ ልታፈላ ተነሳች። መጮህ አልነበረብኝም። ግን ለእሷ ብዬ ነው። ጣቷ ብትቆረጥ የምትጮኸው በማን ላይ ነው? እሷማ አትጮህም። በራሴ ላይ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ሐሙስ

አሁን ገባኝ፤ ሬዲዮ ናት! የስኳር ጣሳው እሷ ዘንድ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ቀሚሴን ላስጠብብ» እያለች ወደ ላይ መውጣት አብዝታለች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጥኩ ወጥቼ በሯን ደበደብኩ።

«ሚስቴን ልትገድያት ነው? ምንድን ነው የምታበያት?»

ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «ኧረ ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ነው የምትጠጣው! አንድ ቀን ብስኩት ባቀርብላት እንኳ ባሌ ኬክ ይዞ ይጠብቀኛል ብላ ገፋችው።»

«ውሸታም!» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ እኛ ቤት ዝር እንዳትይ።»

ደረጃው ሁሉ ሰማ። ለባለቤቴ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ምን አደረገችህ? እሷ እኮ ምንም...» አለችና ተወችው። ከሰዓት ሻያችንን ጠጣን። ቁራሿን ጨረሰች፤ ወሬ ግን አልነበራትም።

እሁድ

ሬዲዮን ከዘጋሁባት ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የሚገባው ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ኬኩንም ትልቅ አድርጌ ሠራሁት፤ ጤናማ ነገር በዛ ተብሎ አይጎዳም። «በቃኝ» ስትል «መድኃኒት ነው፣ ድገሚ» እላታለሁ። ትደግማለች።

ዛሬ እንዲህ አለችኝ። «ልጃችን የተወለደች ቀን አንተ ሊፍት ውስጥ የታሰረች ሌላ ነፍሰ ጡር ልታወጣ ሄደህ ነበር። ማታ መጥተህ፣ ያቺኛዋ በሰላም ወንድ ወለደች ብለህ ደስ ብሎህ ነገርከኝ። እኔ ልጅህን ታቅፌያት ነበር።» ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በኋላ ሳህን ሳጥብ ነገሩ ተመልሶ መጣብኝና እጄን ውሃው ውስጥ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ።

ዘንድሮ ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ይህች ከሰዓት ናት። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ሰው የሚያስፈልገው ነገር እየሠራሁ እንደሆነ የሚሰማኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ረቡዕ

ውሃ ጥም አላስቀምጣት ብሏል። ሌሊቱን ስትነሳ ስትተኛ አደረች። ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ ትላለች። ቀጠሮው ነገ ነው፤ ጥሩ ነው። ለሐኪሟ አንድ ቁራሽ በወረቀት ጠቀለልኩላት። ቀምሳው ለሌሎች ሕመምተኞቿ ትንገር።

ሐሙስ

ከሐኪም ቤት ተመለስን። መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ተነስቼ ራሴን ነጻ አወጣለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሐኪሟ የደም ውጤቱን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ቁስሉን ገለጠች፤ ነርሷ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመረችበት። «እማማ፣ ጣፋጭ እየበሉ ነው?» አለቻት። ባለቤቴ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ቀደምኩ። ደረቴን ነፍቼ ያንን ጥቅል ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። «የምትበላው ይኼን ብቻ ነው። ስኳር የሌለበት ኬክ። እኔ ነኝ የምጋግረው።»

ወረቀቱን ፈታችው። «ምን ምን አለበት?»

ዘረዘርኩላት። ቴምር ስል መጻፏን አቆመች። «ምን ያህል ቴምር?» መዳፎቼን ገጥሜ አሳየኋት። «ማርስ?» «ትንሽ ናት፤ ግማሽ ብርጭቆ።» «ሙዝም አለበት? ዘቢብም?» «ዘቢቡ ለላዩ ነው።» «በቀን ምን ያህል ይበላሉ?» እዚህ ላይ ድምፄ እየወረደ መጣ።

«አባቴ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ቴምሩም፣ ማሩም፣ ዘቢቡም ደም ውስጥ ሲገቡ ያው ስኳር ናቸው። ከዛፍ ይምጣ ከፋብሪካ፣ ደሟ አይለየውም። ዱቄቱን መለወጥዎ ጥሩ ነው። ቅቤውን መተውዎም ጥሩ ነው። ግን ይህ ኬክ ስኳር የሌለበት አይደለም፤ ስኳር የሞላበት ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ አፏን የከፈተችው ያኔ ነው። «እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ አብዝቼ የበላሁት» አለች። ሐኪሟ «ለድንገተኛ ያልኩዎትን ከረሜላስ ይይዛሉ?» ስትላት ደግሞ «ረስቼው ነው የመጣሁት» አለች። እኔ ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩትን ከረሜላ! አንገቴን ደፋሁ።

መርፌ ተጀመረላት። ሦስት ሳምንት ተሰጠን፤ በዚያ ውስጥ ቁስሉ መድረቅ ካልጀመረ ጣቷ ትቆረጣለች።

ቴምርም ስኳር ነው ብላኝ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጋግር ለኖረች ሴት ስለ ኬክ አስተማሪ ልሆን! ሬዲዮንም በሰው ፊት አዋረድኳት። ማሽኑን ያቆመው ጠጋኙ ራሱ ነበር።

እሁድ

የተረፈውን ቴምርና ማር ከቤት አወጣሁ። ሽርጡን አጥቤ በቦታው ሰቀልኩት። ወጥ ቤት ከእንግዲህ አልገባም። ባለቤቴ ሽርጡን አየችና «ምነው?» አለች። «በቃኝ» አልኳት።

ማክሰኞ

ከጥገና ክፍል ደወሉ። አንድ የድሮ ሊፍት አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ጠባዩን የማውቀው እኔ ነኝ። ሄድኩ። የቅባቱ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሰው ሆንኩ። ነገም ና አሉኝ።

ዓርብ

ቁጥሩ እየወረደ ነው። መርፌውን ራሷ ትወጋለች፤ እኔ ማየት አልችልም። ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እገባለሁ፣ ያቀረበችልኝን ቆሜ እበላለሁ። ከእኔ እጅ ስትወጣ መዳን ጀመረች። እንዲህ ከሆነማ መራቁ ነው የሚሻለው።

ቅዳሜ

ፊቴን አጠንክሬ ሬዲዮ ቤት ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፤ ሐኪሟ ነገረችን።»

«ሰምቻለሁ» አለች። መቼም ያልሰማችው የለ። «ግቡ እንጂ ጋሼ፣ ደጅ አይቁሙ።» ያደናቀፈኝን የጨርቅ ክምር አነሳችና ወንበር ሰጠችኝ። «ኬክ መጋገሩን ግን ለምን ተዉት?» አለችኝ።

«እንዴት ለምን ትያለሽ? ሚስቴን ጣት ላሳጣት ነበር እኮ።»

«እሱማ ልክ ነዎት። ብቻ ያኔ ከሰዓት ከሰዓት ሳቋ እስከዚህ ይሰማ ነበር። አሁን ማሽኔን አቁሜ ባዳምጥም ቤታችሁ ሰው ያለበት አይመስልም።»

ወሬ አዳማጭ! ደግሞ የሰው ቤት ድምፅ ምን አደረጋት። እንደዚያም ሆኖ ይቅር ብላኛለች፤ ጥሩ ሴት ናት።

ሰኞ

«እንዴት ነሽ?» አልኳት ስወጣ።

«ደህና ነኝ» አለች።

ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ማታ ስገባ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ልጆቹ ደውለው ነበር» አለች ሳትዞር። «ሊፍቱ ትናንት ተሠርቶ አልቋል፣ ጋሼን አመስግኚልን አሉኝ። አንተ ዛሬ የት ዋልክ?»

ተያዝኩ። «ዝም ብዬ ስዞር» አልኩ። እውነት ነው፤ አንድ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጬ እርግቦች ሳይ ነው የዋልኩት።

«ወጥ ቤት ላለመግባት?»

«ስገባ የማደርገውን አይተሻል።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ከመጀመሪያዋ ቁራሽ ጀምሮ አውቄዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ለእኔ እንደማይሆን። ስንት ዓመት ጋግሬ ቴምርና ማር ምን እንደሆኑ ይጠፋኛል? አንዴ ነገርኩህ፣ አልሰማኸኝም። ሁለተኛ ግን መናገር አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?» አልኳት። 

«ካልበላሁ ትቀየማለህ። ተቀይመህ ደግሞ ሥራ ፈልገህ ትወጣለህ። ስበላ ግን ትቀመጣለህ። ተቀምጠህ ትሰማኛለህ። ዛሬን ብቻ እያልኩ፣ ነገ እተዋለሁ እያልኩ...» በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። «ጥፋቱ የአንተ ብቻ እንዳይመስልህ። እኔም አብጄ ነበር።»

 አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ነው ብል ማንም አያምነኝም። ይህች ሴት አብሬያት ትንሽ እንድቀመጥ ብላ ጣቷን ልትከፍል ነበር። መቀመጤን እንዲህ ያስወደድኩት እኔ ነኝ። መዳን ከጀመረች በኋላም መልሼ ብቻዋን ትቻት ለራሴ «ለእሷ ብዬ ነው» እል ነበር።

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ራታችንን ተቀምጠን በላን።

ቅዳሜ

ጋገርን፤ ሁለታችንም። በስልክ ሐኪሟን ጠየቅናት፤ ማጣፈጫ የሌለበት ከሆነ፣ ቀጭን ቁራሽ፣ በሳምንት አንዴ፣ ከምግብ ጋር ተቆጥሮ ይቻላል አለች።

ሽርጡን አሰረችልኝና ያን ሁሉ ጊዜ አፍና የያዘችውን ምክር አፈሰሰችው። ዱቄቱን ስመታ እንደ ጠላት ነው የምመታው። ሊጥ ከመጠን በላይ ከተመታ ይጠነክራል፤ ያ እንደ ብረት የጠነከረ የመጀመሪያው ኬክ የወጣው በስኳር ማጣት ሳይሆን በእኔ ክንድ ነው። ሁሉንም ከነገለባው በተፈጨ ስንዴ ማድረግም አያስፈልግም፣ ከግማሽ ይጀመራል። አጃው ቀድሞ በእርጎ ይርሳል። ምድጃውን በየደቂቃው እየከፈትኩ አጮልቃለሁ፤ እሱም ኬኩ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

«ይኼን ሁሉ እያየሽ ዝም ትይኝ ነበር?»

«ደስ ብሎህ ስትሠራ አየሁህና» አለች።

ካሮት ፈቀፈቅሁ፣ ለውዝ ሰባብሬ ጨመርኩ፣ እሷ ቀረፋ ነሰነሰችበት። ቀረፋ ምላስን ያታልላል አለች። የወጣው ነገር ኬክ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ዳቦም አይደለም። ቀጭን ቁራሽ ቆረጠችና አላመጠች። «እንዴት ነው?» አልኳት እንደ ልማዴ።

«ማለፊያ አይደለም» አለች ሳታፍር። «ለውዙ በዛ፣ መሐሉ አልበሰለም። የሚቀጥለው ይሻላል።» እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ለሬዲዮም አንድ ቁራሽ ወሰድኩላት። «ይኼን ነው እንግዲህ ጤና የምትሉት?» አለች እያላመጠች።

ሐሙስ

ቀጠሮው። በእስክሪብቶ የተሰመረው መስመር ደብዝዟል፤ ቁስሉ ከመስመሩ በጣም ገብቶ፣ ጠቦ፣ ደርቋል። ሐኪሟ በጓንቷ ነካ ነካ አደረገችውና «ጣትዎ ተርፋለች» አለቻት። ባለቤቴ ጣቷን አጎንብሳ አየቻት። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። መርፌው ይቀጥላል፣ ጥንቃቄውም ይቀጥላል። ከረሜላው ኪሷ ውስጥ ነበር፤ እኔው ነኝ ገዝቼ ያስገባሁላት።

ማክሰኞ

ዛሬ የመጋገሪያ ቀን አይደለም። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፣ ሳህን አልወጣም። ከሰዓት ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ምስር ትለቅማለች። ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ምን ፈለግህ?» አለች ቀና ብላ።

«ምንም።»

«ሻይ ላፍላልህ?»

«አልፈልግም።»

«ዛሬ እኮ ኬክ የለም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ከምስሩ ግማሹን ወደ እኔ ገፋችና ማውራት ጀመረች።